ሪዝ ላይ የቀረ ክሬም

ጎጃም በረንዳ ባለው የምግብ ሸቀጥ አከፋፋይ መጋዘን ሥራ በጀመርሁበት ዕለት ባለቤቱ የሰጡኝ መመሪያ አንድ ብቻ ነበር። «የኔታ፣ እርስዎ ድጓ የተማሩ ሰው ነዎት። እነዚህን ልጆች ሥርዓት ያስይዙልኝ፤ ካርቶኑ በራሱም ይደረደራል» አሉኝ። ካርቶን በራሱ እንደማይደረደር እስከ ቀትር ተረዳሁ።

ማዕረጌ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ተባለ። ለማዕረጉ ወንበር ተሰጠው፤ ወንበሩ ግን መደገፊያ አልነበረውም።

በመጀመሪያ የሥነ ምግባር ደንብ አረቀቅሁና በሩ ላይ ለጠፍሁት። ከመጋዘኑ ዕቃ ይዞ የወጣ ከባድ ጥፋት ፈጽሟልና ይሰናበታል። ከተቀደደ ካርቶን አንሥቶ እዚያው የበላ ግን በማስጠንቀቂያ ይታለፋል፤ ማስጠንቀቂያውም ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን በሩ ላይ ይለጠፋል። በአንቀጾቹ አጥብቄ እኮራ ነበር።

ከጫኝና አውራጆቹ አንዱ ወርቁ ይባል ነበር። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ እንደማይቀምስ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ራሱ ይነግረን ነበርና። የሠራተኞች ተጠሪ የሆነው ጀማል፣ ሙስሊም ሆኖ ሳለ፣ ምሳውን ሲከፍት ወርቁ «ቅቤ ሸተተኝ!» እያለ ያሸማቅቀው ነበር።

በዚያው ጾም አንድ ረቡዕ ከተቀደደ ካርቶን አንድ ሙሉ እሽግ የክሬም ብስኩት ጠፋ። ወዲያውም ወርቁ ከካርቶኖቹ ጀርባ ብቅ አለ። ሪዙ ላይ ነጭ ክሬም ነበረ።

እኔ፣ ባለቤቱና ጀማል ለዲሲፕሊን ተቀመጥን። የቀሩት ሠራተኞች በሩን ሞልተው ቆሙ።

«ወርቁ፣ ብስኩቱን በላኸው ወይስ ይዘኸው ወጣህ?» አልሁት።

«ሰረቅሁት፣ የኔታ።»

«አልበላኸውም?»

«እኔ? በጾም? ሌባ ነኝ እንጂ ጾም ገዳፊ አይደለሁም!»

ጀማል ራሱን ያዘ። «አንተ ሰውዬ፣ ሌባ ነኝ ካልክ እኮ ትባረራለህ! ልጆችህን ምን ልታበላ ነው? በላሁ በልና እንገላገል።»

«ወስጄ አብነት ሰፈር ሸጥኩት አልኩህ!»

«በየትኛው እግርህ? ከጠዋት ጀምሮ አብረን ስናወርድ አልነበር እንዴ? ደግሞ ሪዝህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ወርቁ ሪዙን ዳሰሰ። «ሽበት ነው» አለ።

ባለቤቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም። የእምነት ቃሉን ከተቀበልሁ የገዛ አንቀጼ የልጆቹን አባት ያለ እንጀራ ሊያስቀር ነው። ስለዚህ ሁሉንም አስወጥቼ በሩን ዘጋሁ።

ወርቁ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብስኩቱን በልቻለሁ፣ የኔታ። ክሬሙን ግን ለጾሙ ብዬ ጠርጌ ጥዬዋለሁ።»

«የት ጣልኸው?»

ምላሱ ወደ ሪዙ ወጣች።

ማስጠንቀቂያ ፈረድሁበት። ጉልበቴን ሊስም ተደፋ፤ ምስጢሩም በሁለታችን መካከል የቀረ መሰለን። በሩን ከፍቼ፣ ድምፄን እንደ ዐዋጅ ነጋሪ ከፍ አድርጌ፣ «ወርቁ አይሰናበትም! ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል!» አልሁ።

ጀማል ዞሮ በሩ ላይ የተለጠፈውን ደንብ በጣቱ እየተከተለ አነበበ።

«ማስጠንቀቂያ? እንግዲያው በልቷላ!»

ሳቁ የመጋዘኑን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው። ወርቁ እጄን ይዞ «የኔታ፣ በፈጠረዎት ያሰናብቱኝ!» ብሎ ለመነኝ። አላሰናበትሁትም።

በማግሥቱ ጀማል ምሳውን ከፍቶ ወደ ወርቁ አፍንጫ አስጠጋው። «ወንድሜ፣ ቅቤ ሸተተህ?»

«ጉንፋን ይዞኛል» አለ ወርቁ፤ ካርቶኑንም ተሸክሞ ሄደ።

በዚያው ሳምንት ማስጠንቀቂያ በር ላይ የሚለጠፍበትን አንቀጽ ሰረዝሁ። ደንብ የምታረቅቁ ወጣቶች፦ ጥፋቱን በዝግ ቤት ከሰማችሁ፣ ቅጣቱንም በዝግ ቤት ስጡ።