ሰርዶ ይዘው የመጡት እንግዶች

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። ሰው አልሞተም፤ ቤት አልተቃጠለም። አንድ ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ አንድ የትምህርት ክፍል ተማሪ አጣ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ግን ጥፋቱ ከእኔ አፍ ስለ ወጣ ልናገረው።

መቱ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ የሕክምና ላቦራቶሪ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የተመዘገብነው አምስት ብቻ ነን። ዲናችን ሰበሰቡንና "አሥራ ሁለት ካልሞላችሁ ክፍሉ ይዘጋል" አሉን። አራቱ ክፍሉ ከተዘጋ ወደ ሌላ ትምህርት ለመዛወር ተስማሙ። እኔን ግን አባቴ ከአገራችን ከሁሩሙ የለቀቀኝ ለዚህ ትምህርት ብቻ ነበር። "ጤና ጣቢያችን ደም የሚመረምር ሰው የለውም፤ ሌላ የምትማሪ ከሆነ ግን ቤትሽ ግቢ" ብሎኛል።

ዲኑ መላ አመጡ። አዲሱ ቤተ ሙከራ ቅዳሜ ይመረቃል፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ ልጆች መጥተው ግቢውን ይጎበኛሉ፣ በማይክሮስኮፕ ያያሉ፣ እዚያው ይመዘገባሉ። የሁሩሙ ልጅ ስለሆንኩ በገበያው ቀን ሄጄ እንድጠራ እኔ ታዘዝኩ። ሳይጨርሱ "እሺ ጋሼ" አልኩ።

ምረቃ በኦሮምኛ "ኤባ" ነው። ቤት ሲመረቅ ኤባ ነው፤ ተማሪ ሲመረቅም፣ ሽማግሌ ሲመርቅም ኤባ ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ገበያው መሀል በድምፅ ማጉያ ስለ ምዝገባ ስናገር ግን ሰው ፊቱን አዞረብኝ። "ኤባ" ስል ቆሞ አዳመጠኝ። ስለዚህ እሷኑ ደጋገምኩ።

"ቅዳሜ ኮሌጃችን ኤባ አለ! ኑልን!"

ቅዳሜ ከሚኒባሶቹ የወረዱት ሽማግሌዎችና እናቶች ነበሩ። በእጃቸው እርጥብ ሰርዶና በቅል የተያዘ ቅቤ አለ። አንድም ወጣት የለም።

"አንቺ! ተማሪ አምጪ ሲሉሽ የሠርግ ታዳሚ አመጣሽ?" አለች አብረውኝ ከሚማሩት አንዷ።

አንዲት እናት ወደ እኔ መጡ። "ተመራቂዎቹ የታሉ ልጄ? አናታቸውን ቅቤ እንቀባቸው።"

"እትዬ፣ እርስዎ ቤት አሥራ ሁለተኛ የጨረሰ ልጅ የለም?"

"አሉ እንጂ! ያዮ ጫካ ቡና ለቀማ ገብተዋል።"

ከአንዱ ወደ ሌላው ዞርኩ። "አንድ እንኳን?" እያልኩ ለመንኩ። ሁሉም ያዮ ነው የሚሉኝ። ዲኑ ከባዶው መዝገብ ፊት ተቀምጠው እስክሪብቷቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ "ተመራቂ ከጠፋ ያለችውን እንመርቅ" አሉና አንበረከኩኝ።

"የጀመርሽውን ጨርሺ!"

"ሃ ታኡ!" አለ ሁሉም፤ ይሁን ማለታቸው ነው።

"እንደ ሰርዶ ለምልሚ!"

"ሃ ታኡ!"

አለቀስኩ። ደስታ መሰላቸው።

ቤተ ሙከራውን ሳስጎበኛቸው ያው ሽማግሌ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሰው ቆዩ። የራሳቸው ጣት ደም ነበር የሚያዩት። ቀና ብለው፣ "ይህን የሚያስተምር ቤት እንዳለ ለልጆቻችን ማን ነገራቸው?" አሉኝ። ያንኑ ቀን ልጆቹን የሚጠራ ሰው ወደ ያዮ ላኩ።

ዲኑ ለእኔ ሲሉ ምዝገባውን አራዘሙ። በየጠዋቱ በሩ ላይ ቆሜ የሁሩሙን መንገድ አያለሁ። ሦስት ልጆች መጡ፤ ጣታቸው በቡና ጭማቂ ጠቁሯል። ከእኛ ከአምስታችን ጋር ስምንት፤ አራት ጎደለ። አባቴን ቤት ግቢ ከማለትህ በፊት አንድ ሳምንት ጨምርልኝ ብዬ በስልክ ለመንኩት፤ ስልኩን ዘጋው።

ክፍሉ የተዘጋው ጥቅምት ሃያ ሁለት ቀን ነው፤ እኔም ቤቴ ገባሁ።