የኦቦ መገርሳ ሮቶ እና የሰፈሩ እውነት

ኦቦ መገርሳ ቡራዩ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ቧንቧ ሲገጥሙ በወሬ ፈርደው አያውቁም። ደንበኛ የፈለገውን ቢለፈልፍ መልሳቸው «ቆይ፣ ልየው» ነው። የራሳቸው ሮቶ ሦስት ሳምንት ሲደርቅባቸው ግን ሳያዩ ፈረዱ። በሰፈሩ ቴሌግራም፣ «ውሃ የለም! በገዛ ቤቴ ደርሶብኛል» ብለው በድምፅ ላኩ።

ሰፈሩ ለሁለት ከተከፈለ ሰንብቷል። የባለሱቋ ማሪቱ ወገን «ውሃ ጨርሶ የለም» ይላል፤ የጡረተኛው የጋሽ ተድላ ወገን «በፈረቃው ይመጣል፣ አታሟርቱ» ይላል። የማሪቱ ሰዎች ድምፁን በየስልኩ አዞሩት። «ባለሙያው ራሱ ተናገረ!»

ሰፈሩ በውሃው ጉዳይ ለእሁድ ስብሰባ ጠርቷል። ቅዳሜ፣ በዋዜማው፣ ሚስታቸው ጠጅቱ፣ «ሰውዬ፣ የሰው ሮቶ ላይ ተንጠልጥለህ ትውላለህ፤ የራስህን አይተኸዋል?» አለች።

ወጡ። ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ወደ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ቸብ ሲያደርጉት የዕለቱ ፈረቃ ውሃ ተንፎለፎለ።

«በል ዋጠው» አለች ጠጅቱ ከታች። «የራሱን ተንሳፋፊ ያላየ ቧንቧ ሠራተኛ ከእንግዲህ ማን ይጠራዋል?»

ይኸው ፍርሃት ሌሊቱን ሲያገላብጣቸው አደረ። እሁድ ግን ስብሰባው መሀል ተነሱ፤ «የእኔ ቤት ጥፋት የእኔው ነው። ስለ ሌላው ቤት አላውቅም።»

«ምን አጎረሱዎት፣ ኦቦ?» አለች ማሪቱ።

ጋሽ ተድላ አጨበጨቡ። «ይኸው! በየቤቱ ውሃ አለ ማለት ነው!»

«እንደዚያ አልወጣኝም።»

«ብለዋል እንጂ!»

ኦቦ መገርሳ፣ «ቆዩ፣ ልየው» አሉ። ቀጣዩ ፈረቃ ማክሰኞ ሲደርስ መፍቻቸውን ይዘው ከማሪቱ ቤት ጀመሩ። ጋሽ ተድላ በር አልከፈቱም፤ «ቤቴን እኔ አውቀዋለሁ!» አሉ ከውስጥ። አሥራ አንድ ደረቅ ሮቶ ታየ። በአራቱ የተጣበቀው ተንሳፋፊው ነው፤ በሰባቱ ቧንቧው ሲፈታ ከነፋስ በቀር የወጣ የለም። የማሪቱ ከአራቱ አንዱ ሆነ።

ውጤቱን ቴሌግራም ላይ ጻፉት። ማሪቱ ሰባቱን ቆርጣ አጋራች፤ ጋሽ ተድላ አራቱን።

ረቡዕ ጠዋት፣ ከእንግዲህ አይጮህም ያሉት ስልክ ጮኸ።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ?» ጋሽ ተድላ ናቸው፣ በሹክሹክታ። «መሰላል ይዘው በጓሮ በኩል ብቅ ይበሉ እስቲ። ከወር በላይ ጠብታ አላየሁም። ማሪቱ ግን እንዳትሰማ።»