የሚኒባሷ መስኮትና የጋዝ ምድጃው

ዛሬ ጠዋት እንጅባራ መናኸሪያ ውስጥ አንድ የሚኒባስ መስኮት በሁለት ጣት ስፋት መከፈቱን የማስታውቃችሁ በጥልቅ ሐዘን ነው። የከፈትኩት እኔ ነኝ።

የዳንግላዋ ሚኒባስ እስክትሞላ፣ ሾፌሩ ብርዱን ሊያባርርልን ወንበሮቹ መሐል ትንሽ የጋዝ ምድጃ ለኩሶ በርና መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ዘጋ። ራሴን ሲያዞረኝ ከፈትኩ።

"ዝጋው! በንፋስ ልታስመታን ነው?" አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ። (በታሪፍ እንኳ እንዲህ ተስማምተን አናውቅም።)

"ኧረ ጋዙ ሲነድ አየሩን ይመርዛል!" ብል፣ ሾፌሩ "ጭስ የለው፣ ሽታ የለው፣ በምን አባቱ ይመርዛል?" አለኝ።

ዞር ስል ከጎኔ ያሉት እናት አንገታቸው ዘንበል ብሏል። "እማማ! እማማ!" ብላቸው መልስ የለም። ያኔ ምድጃው ጠፋ፣ በሩ ተበረገደ፣ ተሸክመን አወጣናቸው።

ደጅ ትንሽ እንደቆዩ ዓይናቸውን ገለጡና "ምነው ልጄ፣ ንፋስ ላይ አስቀመጥከኝ?" አሉኝ።

እናንተስ መስኮት በመክፈት ወንጀል ተከሳችሁ ታውቃላችሁ? ኮሜንት ላይ መስክሩልኝ።

እርማት፦ ከላይ "ሁሉም በአንድ ድምፅ" ተብሎ የተገለጸው ስህተት ነው። እማማ ድምፅ አላሰሙም ነበር። እኛ የተስማሙ መስሎን ነው።