ስሙኒ የማይበላ ፍሊፐር

ሳህሉ የሚያፍር ሰው አይመስልም። ሐረር፣ ሸዋ በር አጠገብ ባለችው ጠባብ ሱቁ ተቀምጦ ሬዲዮና ካውያ የሚጠግን፣ በዋጋ ሲከራከሩት የሚቆጣ፣ «እኔ የነካሁት ዕቃ ተመልሶ አይመጣም» እያለ የሚጎርር የስልሳ ሁለት ዓመት ሰው ነው። ጉራውን ከተማው ለምዶለታል። ታዲያ ይህ ጉረኛ፣ የዘንድሮው ረመዳን በወጣ በማግስቱ ዐዚዛ ሱቁ ድረስ መጥታ «ጋሼ ሳህሉ፣ የአባቴን ፍሊፐር ይሥሩልኝ» ብትለው ላብ በላብ ሆነ።

ፍሊፐሩን ለማያውቅ ልንገር። አራት እግር ያለው፣ ከላይ በመስታወት የተከደነ ሣጥን ነው። ስሙኒ ሲያጎርሱት አንዲት የብረት ኳስ ይተፋል። ተጫዋቹ ግራና ቀኝ ያሉትን ቁልፎች እየተጫነ ኳሷ ቁልቁል ወርዳ ጉድጓድ እንዳትገባ ይታገላል፤ ደወሉ ይጮኻል፣ ቁጥሩ ይዞራል። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር አልነካካውም፤ ሆዱ ሽቦና ማግኔት ብቻ ነው። የዐዚዛ አባት ሐጂ ዐድናን፣ ድሬዳዋ ሆቴሉን ዘግቶ ከሄደ ግሪክ ገዝተው በደርግ ጊዜ ሻይ ቤታቸው ውስጥ አቆሙት። ያኔ የሐረር ጎረምሳ ስሙኒውን ጨብጦ ይሰለፍ ነበር።

ሐጂ ካረፉ ቆይተዋል። ዐዚዛ አሁን ጀጎል ውስጥ ያለውን የአባቷን ቤት ለእንግዳ ታከራያለች። ከረመዳን በኋላ ስድስት ቀን ተጹሞ በሚከበረው የሸዋል ዒድ ዕለት ዘመድ አዝማዱ እሷ ቤት ስለሚሰበሰብ ልጆቹ እንዲጫወቱበት ፍሊፐሩን ከዕቃ ቤት አስወጥታዋለች። ግን ያለ ሳንቲም እንዲሠራ ነው የፈለገችው። አንደኛ፣ ስሙኒ የት ይገኛል? ሁለተኛ፣ ለሐዘኑም ለሠርጉም አብሯቸው የሚቆመው የአፎቻ ማኅበራቸው ሽማግሎች ሳንቲም የሚበላ ጨዋታ ቁማር ቁማር ይሸታል ብለዋታል። ሦስተኛውን ምክንያት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የነገረችው።

«ቤተሰባችንን የለያየው ያ ስሙኒ ነው። በዕለቱ ከድር ይመጣል። ጥፋቱን አምኖ አፉ በሉኝ ሊል፣ እኛም ይቅር ልንለው ተስማምተናል።»

ሳህሉ ነገ እመጣለሁ አላት።

ከድር የሐጂ የእህት ልጅ ነው። በዚያን ጊዜ ሻይ ቤቱን የሚያስተዳድረው፣ የፍሊፐሩን የሳንቲም ሣጥን ቁልፍ የሚይዘው እሱ ነበር። ማሽኑ ሆድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተጫወቱበት የሚቆጥር ትንሽ ቆጣሪ አለ። ሐጂ አንድ ወር ቆጣሪውን ከሳንቲሙ ጋር ቢያስተያዩት ሳንቲሙ ጎደለ። ከድርን ጠየቁት፤ አልነካሁም አለ። እንግዲያው ማል ተባለ። ውዱእ አድርጎ፣ ቁርኣን ይዞ፣ በሽማግሌ ፊት ማለ። ነገሩ በዚያ ያበቃ መስሎ ነበር። በቀጣዩ ወር ግን ሳንቲሙ ዳግመኛ ጎደለ።

ሌብነትስ ይሁን፣ ሰው ይሳሳታል ይባላል። በቁርኣን በሐሰት መማል ግን ሌላ ነው። ከድር ከሻይ ቤቱም ከአጎቱም ደጅ ተባረረ፤ ከከተማው በላይ ያለው ሐኪም የሚባል ጋራ ላይ ወጥቶ ብቻውን ጎጆ ቀለሰ። በኋላ የበኩር ልጁ በኩፍኝ ሲሞትበት ለቀስተኛው እዚያው ተቀምጦ «የመሐላው ነው» እያለ ተንሾካሾከ። እስከ ዛሬ ድረስ ለኒካሕ ምስክርነት ጠርቶት የሚያውቅ ሰው የለም፤ ቃሉን ማን ይቀበለዋል?

ስሙኒውን ያጎደለው ግን ሳህሉ ነው።

ያኔ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠጋኝ ረዳት ነበር። ፍሊፐሩ በተበላሸ ቁጥር የሚላከው እሱ ነው። አንድ ቀን ከፍቶ ሲጠግን፣ ሳንቲሙ ሲወርድ ከሚነካት ስስ ሽቦ ላይ ሌላ ሽቦ በይዶ ከሣጥኑ ሥር ወዳሉት ሁለት ብሎኖች አወረደው። ከዚያ በኋላ በእጁ በያዘው የቤት ቁልፍ ሁለቱን ብሎኖች ካገናኘ ማሽኑ ስሙኒ የበላ ይመስለዋል። ያለ ስሙኒ ይጫወታል፤ ቆጣሪው ደግሞ አንድ ብሎ ይቆጥራል። መጀመሪያ ለጨዋታ ነው ያደረገው እንበል፣ ልጅነት ነው። ወገኖቼ፣ የሚያሳፍረው ሌላ ነው። ከድር መማሉን በሰማ በሦስተኛው ቀን ሻይ ቤቱ ገባ፤ ኳሷ ስትንከባለል አየ፤ እጁን መግታት አቃተው። ዛሬ ብቻ አለ። ነገም ዛሬ ብቻ አለ። የከድርን መሐላ ሐሰት ያደረገው የዚያ ወር ጨዋታ ነው። ሲባረር ደግሞ ሳህሉ ደጁ ላይ ቆሞ አየው፤ ትንፍሽ አላለም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የሳህሉ ዝምታ ግን አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ከውስጥ ሲነቅዝ ኖሯል።

በነጋታው መሣሪያውን ይዞ ጀጎል ገባ። ዐዚዛ ፍሊፐሩን ግቢዋ ውስጥ አቁማ፣ አቧራውን አራግፋ ጠበቀችው። መክደኛውን አነሣ። ሽቦው አለ። ቀይ ሽፋኑ ደብዝዟል እንጂ የራሱ እጅ የበየደው እንደሆነ ወዲያው አወቀው፤ ያኔ ገና ጀማሪ ስለነበር ብየዳው ወፍራምና ያልተስተካከለ ነው። ለጀማሪ ሥራ ደህና አድርጎ ይዟል ብሎ ሊኮራ ቃጣውና በራሱ አፈረ።

ዐዚዛ ከኋላው ጎንበስ ብላ ምን እንደሚያይ ጠየቀችው። አሮጌ ሽቦ ነው አላት። ይኸው አንድ ውሸት ጨመረ። ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም፤ የሽቦውን ጫፍ ከብሎኖቹ ፈትቶ ከማስጀመሪያው ቁልፍ ጋር ማገናኘት ብቻ ነበር። ቁልፉን ሲጫን ማሽኑ አጓራ፣ ቁጥሮቹ ወደ ዜሮ ተመለሱ፣ ኳሷ ወጣች። ዐዚዛ አልሐምዱሊላህ አለችና ቦርሳዋን ከፈተች። ሳህሉ ገንዘቡን አልቀበልም አለ። እሷም እንዲህ ያለ ደግ ሰው ዛሬ የት ይገኛል ብላ መረቀችው። ምርቃቱን አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ፤ ስድብ ቢሆንለት ይሻለው ነበር።

ከዚያ ከድር ለምን ሊያምን እንደተነሣ ጠየቃት። የልጅ ልጁ ናዝራ ልታገባ ነው አለችው። ከድር ያረጀ ሰው ነው፤ በናዝራ ኒካሕ ላይ እንደ ማንኛውም አያት ከሽማግሎች ጋር መቀመጥ ይፈልጋል። ሽማግሎቹም ጥፋቱን ካመነ እንቀበለዋለን ብለዋል። እስከ ዘንድሮ «ባልወሰድኩት አላምንም» ይል ነበር አለች፤ አሁን ግን አላህ ልቡን አራራው። ሳህሉ መሣሪያውን ሰበሰበ። ልቡን ያራራው ማን እንደሆነና ሰውየውን ምን እንዳደከመው ሳህሉ ያውቃል።

ከዒዱ በፊት አራት ቀን ነበረው። ሁለት ጊዜ ወደ ሐኪም ጋራ ተነሣ። አንዱን ቀን ዳገቱ ሥር ደርሶ ጉልበቴ አለ፤ ጉልበቱ ደህና ነበር። ሌላውን ቀን ከድርን ራሱን በሩቅ አየው፤ ከዘራውን ተመርኩዞ ቁልቁል ይወርዳል። ሳህሉ የሰው በግ ሰርቆ እንደሚሸሸግ ሌባ አንድ ሱቅ ገብቶ የማይፈልገውን ሳሙና ገዛ። ወይ ሳህሉ! በዒዱ ዕለት ሁሉም ባለበት እናገራለሁ፣ እንዲያውም እሱ ይሻላል ብሎ ራሱን አባበለ።

በዕለቱ ዐዚዛ ቤት ሞላ። ሳህሉን የፍሊፐሩ ባለሙያ ብለው ነደባው ላይ፣ ምንጣፍ የለበሰው ከፍ ያለው መቀመጫ ላይ፣ ከአዛውንቶቹ ጎን አስቀመጡት። የአፎቻው ሽማግሌ አው ሙሳ ዱዓ አደረጉ። ከድር ተነሣ። ነጭ ለብሷል፤ ከዘራውን ለናዝራ ሰጥቷት ያለ ድጋፍ ቆመ።

አሁን ተናገር አለ ሳህሉ ለራሱ። አፉን ከፈተ።  ከድር አፉን ሲጠርግ አንድ አፍታ ጊዜ ነበር። ሳህሉ ያቺን ጊዜ ወለሉን እያየ አሳለፋት።

«ሳንቲሙን የወሰድኩት እኔ ነኝ» አለ ከድር። «የማልኩትም በሐሰት ነው። አፉ በሉኝ።»

አፉ ብለናል አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ። ዐዚዛ አቅፋው አለቀሰች፤ ናዝራም አለቀሰች። ሽማግሎቹ ተራ በተራ ጨበጡት፤ አው ሙሳ እጁን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጡት። አርባ ሦስት ዓመት ያልተቀመጠበት ቦታ ነው። ግቢ ያሉት ልጆች ይቅርታው ማለቁን ሲያዩ ፍሊፐሩን አስነሡት፤ ደወሉ እስከ ውስጥ ተሰማ።

ይሄኔ ነው ሳህሉ የተነሣው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«ከድር አልወሰደም» አለ። «እኔ ነኝ። ማሽኑን ያለ ስሙኒ እንዲሠራ አድርጌ የተጫወትኩት እኔ ነኝ። እሱ ከማለ በኋላም ተጫውቻለሁ።»

 ሽቦውን፣ ብሎኖቹን፣ ሁሉንም እየተንተባተበ ተናገረ። ዐዚዛ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አው ሙሳ በቁጣ ሳይሆን በእውነት ግራ ተጋብተው ጠየቁት፤ ሰውየው ቆሞ ራሱን ሲወነጅል እዚሁ አልነበርክም ወይ አሉት። ነበርኩ አለ ሳህሉ። ታዲያ? አፈርኩ አለ። 

ሁሉም ወደ ከድር ዞሩ። ከድር አልተቆጣም። ሳህሉን ትክ ብሎ አየው፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«በእውነት ስምል ዝም አልክ፤ ዛሬ ስዋሽም ዝም አልክ። ሳህሉ፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ውሸታም ያለኝ ሰው ሁሉ ተሳስቶ ነበር።»