ዲስኩ ለውስጠኛው ማሽን እስኪታየው

በዓይን ክሊኒኩ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ትልቁም ትንሹም «እትዬ መዝገብ» ይላታል። ሃያ ሁለት ዓመት የሕሙማንን ካርድ ጠብቃለች። አንድ ጊዜ ከላይኛው ፎቅ የፈነዳ ቧንቧ ክፍሏን አጥለቅልቆት ሁለት መደርደሪያ ሙሉ ካርድ ሊጥ ሲሆን አይታለች። ከዚያ ወዲህ ሌላው «አይጠፋም» ብሎ ሲተኛ እሷ «ይጠፋል» ብላ ነው የምትነሳው።

ካርዱ ወደ ኮምፒውተር ከገባ ሰባት ዓመት ሆኖታል። የዘረጋው ቴክኒሻን መዝገቡን ያስቀመጠው ቨርቹዋል ማሽን በሚሉት ውስጥ ነው፤ በአንድ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር ማለት ነው። እትዬ መዝገብ «እርጉዟ» ትላታለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከእርጉዟ ሳጥን ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማች። ቀጥ ብላ ዶክተሩ ዘንድ ገባች።

«ዶክተር፣ ይሄ ማሽን እያጣጣረ ነው።»

«ቴክኒሻኑ ሰኞ ይመጣል እኮ፣ እትዬ። እስከዚያ ምን ይሆናል ብለው ነው?»

«እስከ ሰኞ እቆያለሁ ብሎ ቃል አልገባልኝም።»

ከመሳቢያዋ ላስቲኩ ያልተቀደደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ አወጣች፤ ሰካችው። የውጪው ኮምፒውተር ወዲያው አወቀው፤ መዝገቡ ያለበት ውስጠኛው ግን ጭራሽ አላየውም። ነቅላ ሰካች፤ ያው ነው። ቴክኒሻኑ ጋ ደወለች።

«ዲስኩን ቀድሞ የሚይዘው የውጪው ነው» አላት። «ከማሽኑ መስኮት አናት ላይ ካለው ዝርዝር መርጠው ለውስጠኛው ካላስረከቡት አይታየውም። ግን እትዬ፣ ባይነካኩት ይሻላል፣ እኔ ስመጣ...»

«አንተ ማስረከቡን ንገረኝ እንጂ መነካካቱን ለእኔ ተወው።»

ዝርዝሩን አገኘችው፤ ዲስኩን መረጠች። «አልተቻለም» የሚል መልእክት ብቅ አለ። መልእክቱን ፊደል በፊደል በአሮጌ የቀጠሮ ካርድ ጀርባ ገልብጣ በስልኳ ስትፈልግ ነገሩ ገባት፦ ዲስኩ አዲስና ፈጣን ዓይነት ነው፤ የውስጠኛው ማሽን የዩኤስቢ በር ደግሞ ለድሮው ዓይነት የተስተካከለ ነው። በሩን ለመቀየር ማሽኑ መጥፋት አለበት። ጠፍቶ ባይነሳስ? ቢሆንም የምሳ ሰዓት ሲደርስ ለእንግዳ ተቀባይዋ «ለግማሽ ሰዓት በወረቀት መዝግቢ» አለቻትና ተመልሳ ቁጭ አለች።

«የፈሩት ይደርሳል ይላሉ» አለች ለራሷ፤ «ሳይደርስብኝ ልድረስበት።»

ማሽኑን አጠፋች፤ የዩኤስቢ በሩን ከሁለት ቁጥር ወደ ሦስት ቀየረች፤ አስነሳችው። ተነሳ! ዲስኩን መረጠች። ከውጪው ኮምፒውተር ላይ ድንገት ተሰወረ። «ውይ!» አለች እጇን አፏ ላይ ጭና። ወዲያው ግን ከውስጠኛው ማሽን ላይ ብቅ አለ።

ቅጂው አምስት ሰዓት ፈጀ። በዚያ አልረካችም፤ ከቅጂው ሦስት ፋይል ከፍታ ቁጥሩን በጣቷ እየተከተለች ከዋናው ጋር አመሳከረች። ረቡዕ ደግሞ የዕለቱን ጨመረች።

ሐሙስ ረፋድ ላይ እርጉዟ ጭጭ አለች። ዶክተሩ ፊት አንድ ልብስ ሰፊ ተቀምጦ ነበር፤ ግራ ዓይኑ ይቀደድ አይቀደድ የሚወሰነው በስድስት ዓመት የዓይን ግፊቱ ልኬት ነው። ዶክተሩ አመድ መስለው መዝገብ ክፍል ደረሱ።

«እትዬ መዝገብ...»

«በእጄ ነው» አለችና ዲስኩን ላፕቶፓቸው ላይ ሰክታ የሰውዬውን ፋይል ከፈተችላቸው። ልኬቱ ከዓመት ዓመት ሽቅብ ሲወጣ ዶክተሩ አይተው ቀጠሮ ጻፉ፤ ልብስ ሰፊውም በማግስቱ ጠዋት ቀዶ ጥገና ክፍል ገባ።

ሰኞ ቴክኒሻኑ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ መዝገቡን ከዲስኩ መለሰው። የጎደለው የሐሙስ ጠዋት ብቻ ነበር።

«ምን ላድርግልዎ?» አሏት ዶክተሩ።

«ሁለተኛ ዲስክ ይግዙልኝ። አንደኛው ከዚህ ሕንፃ ውጪ ነው የሚያድረው።»

ዶክተሩ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ዓይነቱንና መጠኑን በወረቀት ጽፋ እጃቸው ላይ አኖረች።