የአባቴ የማሳከክ ክኒን

ባለፈው ሳምንት ክንዴንና አንገቴን ሽፍታ ወርሶኝ ዳንግላ ከሚገኝ አንድ መድኃኒት ቤት ሄጄ ነበር። ባለሙያዋ ማዘዣዬን አየችና ከመደርደሪያው አንድ ትንሽ ካርቶን አወረደች። የክኒኑ ማሸጊያ በጣቶቿ መካከል ሲንኮሻኮሽ ገና ስሙን ሳትጠራው አወቅሁት። «እንቅልፍ ያመጣል፤ ማታ ማታ ነው የምትወስጂው። መኪና የምትነጂ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቂ» አለችኝ።

«ፈረስስ?» አልኳት።

የቀለድኩባት መስሏት ፈገግ አለች። እኔም ፈገግ ልል ሞክሬ አልሆነልኝም። ክኒኑን ተቀብዬ ቶሎ ወጣሁ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ያን ጊዜ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ከእንጅባራ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ዲከረንስ የሚባለው የከሰል ዛፍ ከተተከለበት ማሳ ጥግ ነበር። አገሩ ሁሉ እህሉን ቀንሶ ዲከረንስ ይተክልና ከሰል ያከስል ስለነበር፣ ጠዋት ጠዋት ጉሙና ጭሱ ተደባልቀው ደጃችን ላይ ይተኛሉ። የትምህርት ቤት ሹራቤ ታጥቦም ጭስ ጭስ ይላል።

አባቴ ፈረሰኛ ነበር። በእኛ አገር ፈረስ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ፈረሰኛ የሚባለው ግን ጥቂት ነው። ሠርግ ሲኖር ወይም ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረሶቹ ሜዳ ይወጣሉ፤ ሰው ደግሞ አባቴ መጥቷል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ዳማ ፈረሱን ከልጆቹ አስበልጦ ነው የሚያበላው እያለች እናቴ ታሾፍበት ነበር። እኛም አልተከራከርናትም፤ እውነቷን ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በአንድ ሽማግሌ ለቅሶ ላይ አባቴና የልጅነት ጓደኛው ጎን ለጎን ጋለቡ። ልጆች ሆነው ከብት ሲጠብቁ ጀምሮ እንደዚያው ነበሩ፤ አንዱ ካለ ሌላው አይታጣም። የጓደኛው ፈረስ እግሩ በሣር የተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ገባና ጓደኛው ተወርውሮ ወደቀ። አባቴ ዳማውን አዙሮ ሲደርስ ሰውዬው አልተንቀሳቀሰም። ያን ቀን አባቴ እንደ ሌላው ሰው አላለቀሰም፤ የጓደኛውን ፈረስ ከራሱ ፈረስ ጋር አስሮ በእግሩ እየጎተተ ወደ ሟቹ ጓደኛው ቤት ወሰደው።

ለቅሶው የመጣው ዘግይቶ ነው፤ እሱም በእንባ አልመጣም። አንድ ቀን ገበያ መሐል ደረቱን ይዞ ተቀመጠ። ሌላ ቀን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ትንፋሽ አጠረኝ ብሎ ቅዳሴውን ጥሎ ወጣ። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ሌሊቱን ዓይኑን ሳይከድን ያነጋል። ልቤ ልትቆም ነው ይል ነበር። ጠበል ተጠመቀ፤ ቀለል ብሎት ሰነበተና መልሶ ያዘው። በመጨረሻ እኔ ከትምህርት ቤት ቀርቼ ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠ፣ አስመረመረው፣ ከዚያ ወንበሩን ወደ አባቴ ሳብ አደረገ። «ልብዎ ደህና ነው አባት። የያዘዎት ጭንቀት ነው» አለው።

አባቴ ተቆጣ። እህሉ ጎተራ እንደገባ፣ ከማንም ጋር የድንበር ክርክር እንደሌለው፣ ልጆቹም ደኅና እንደሆኑ ነገረውና ታዲያ ምን የሚያስጨንቅ ነገር አለኝ ብሎ ጠየቀው። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ግን አልተጣደፈም። በቅርብ የሞተብዎት ሰው አለ ወይ ሲለው አባቴ ባርኔጣውን ከጉልበቱ አንስቶ አገላብጦ አየው። እኔ መለስኩለት።

ያዘዘለት ክኒን ብዙውን ጊዜ ለአለርጂና ለማሳከክ እንደሚሰጥ፣ ጭንቀትንም እንደሚያበርድ ሐኪሙ አስረዳን። ማታ ማታ አንድ ብቻ፣ ለጥቂት ጊዜ፣ ከዚያ ተመልሶ መታየት። እንቅልፍ ስለሚያስይዝም መኪና እንዳይነዳ አስጠነቀቀው። አባቴ ያን ጊዜ ሳቀ። የመኪና በር እንኳ ሌላ ሰው ከፍቶለት ነው የሚገባው፤ ይህንኑ ሲነግረው ሐኪሙም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ከሦስታችን አንዳችንም ፈረስ የሚል ቃል አላነሳንም። ሐኪሙ የሌላ አገር ሰው ነበር፤ ለሰው ሁሉ የሚለውን አለን። እኛም መኪና ስለሌለን ማስጠንቀቂያው ለሌላ ሰው ነው ብለን ወጣን።

እቤት ደርሰን ጭንቀት የሚለውን ቃል ስናወራ እናቴ ተነስታ በሩን ዘጋች። ታላቅ እህቴ ታጭታ ነበር፤ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። ያ ፈረሰኛ፣ ጓደኛው ከወደቀ ወዲህ ፈሪ ሆነ፣ አእምሮውም ተነክቷል ከተባለ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሙሽራው አገር፣ ጥሊሊ ይደርሳል። እናቴ ክኒኑን አገላብጣ አየችና ለማሳከክም ይሰጣል አላላችሁም፣ እንግዲያው የሚያሳክከው ነው አለች። በቃ፣ ተወሰነ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስታውስ አሁንም ሳቄ ይመጣል። ጎረቤት ሲመጣ እናቴ አባቴን በክርኗ ጎሸም ታደርገዋለች፤ እሱም እንደ ታዘዘ ልጅ ክንዱን ያካል። ሴቶቹ ቅባት ይዘው መጡ። ሌላዋ ደግሞ ቅጠል ወቅጣ አመጣችና ካልተቀባ ብላ ቁጭ አለች፤ አባቴ ምንም ያልሆነ ገላውን አረንጓዴ ተቀብቶ ዋለ። የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ማለት ነው፣ ፍል ውሃ ሄዶ እንዲታጠብ መከረው። ክኒኑ ግን ረዳው። ሙሉ ሌሊት ባይሆንም መተኛት ጀመረ፣ ምግብም መብላት ጀመረ።

ያልተመለሰለት አንድ ነገር ፈረሱ ነው። ዳማውን ያበላዋል፣ ያጥበዋል፤ አይወጣበትም። በእኛ ቤተሰብ ልማድ ደግሞ ሙሽራን ከቤት ተነስቶ ከሰፈራችን በታች እስካለው ወንዝ ድረስ በፈረስ የሚሸኛት አባቷ ነው። ወንዙ ከመድረሱ በፊት ባለው ሜዳ ላይ የሁለቱ ወገን ፈረሰኞች ይጋልባሉ፣ ከፊት የሚሆነውም የሙሽራዋ አባት ነው። አባቴ ለእህቴ ከስጦታውም ከድግሱም በላይ ያሰበላት ይህን ነበር። ልጄን ወንዙ ላይ በዓይኔ ሸኝቼ እመለሳለሁ ይል ነበር፤ ከዚያ ሌላ የጠየቀው ነገር የለም።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ነበር። አባቴ ከቤቱ ጀርባ ዳማውን ሲጭን ውሃ ይዤለት ሄድኩ። የኮርቻውን ጠፍር ሊያስር ሞክሮ ከእጁ አመለጠው። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና አመለጠው። ፈረሱ አንገቱን አዙሮ አየው። አባቴ ከኮቱ ኪስ ማሸጊያውን አውጥቶ አንድ ክኒን ፈለቀቀና ዋጠ፣ እጁን ዘርግቶ አየ፣ ከዚያ ሌላ ጨመረ። የታዘዘልህ ማታ አይደለም እንዴ ስለው «ዛሬ ብቻ እጄ ይረፍልኝ» አለኝ። ቆየት ብሎ እጁ ሲያርፍ እኔም ደስ አለኝ። ጠፍሩን ጥብቅ አድርጎ አሰረ።

ሙሽራው ከነሚዜዎቹ መጣ፤ ዳሱ ሞላ፣ ዘፈኑ ደመቀ። አባቴን ከሩቅ አየው ነበር። ውሃ ጠየቀ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ውሃ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ ሲያናግሩት ቆይቶ ነው የሚመልስላቸው፤ ዓይኑ ከበድ ከበድ ብሏል። ደስታው ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

እህቴ እስከ ወንዙ በበቅሎ፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ በሚኒባስ ነበር የምትሄደው። ሚኒባሱን ማዶ አቁሞ ለመጣው ሾፌር ጠላ ስቀዳለት ጣሳውን በእጁ ከደነው። ምነው ስለው «መኪና ነው የምነዳው እህቴ፤ እየደበተኝ ሰው ልግደል?» አለኝ። ማሰሮውን እንደያዝኩ ቀና ስል አባቴ እግሩን እርካብ ውስጥ እያገባ ነበር።

የሐኪሙ ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። እጄ ላይ ያለው ማሰሮ ከበደኝ። እናቴን ከሴቶቹ መሐል ጎትቼ አወጣኋትና ነገርኳት፤ ዛሬ ሁለት ክኒን ውጧል፣ ከጋለበ ይወድቃል አልኳት። ፊቷ ዓመድ መሰለ። ግን እጄን አጥብቃ ያዘችኝ።

«ቀስ በይ፣ የሰው ጆሮ አለ» አለች። «እሺ፣ ይውረድ። ለምን ወረደ ሲሉን ምን እንላቸዋለን? አሳከከው እንበል?»

ክፉ ሆና አልነበረም። እሷ የምታየው እህቴን ነበር። እኔ ግን የማየው የአባቴን ጓደኛ ነበር፤ ሣሩ ላይ የተዘረጋውን ክንዱን። እጄን አስለቅቄ ሮጥኩ።

ስደርስ ፈረሶቹ ሜዳው ጫፍ ተሰልፈዋል። የላባቸውና የቆዳው ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። እህቴ ኋላ በበቅሎዋ ላይ ተሸፋፍና ተቀምጣለች፤ እልልታው ይቀልጣል። አባቴ ከሁሉ ፊት ነበር። አንገቱ ዘንበል ይላል፣ ደንገጥ ብሎ ቀና ይላል፣ መልሶ ዘንበል ይላል። በእኛ አገር ሜዳ ላይ የቆመ ፈረሰኛን ልጓም የሚይዝ ሰው የለም፤ ያውም ሴት ልጅ። በፈረሶቹ መሐል ገብቼ የዳማውን ልጓም ያዝኩ።

አጎቴ ከጎኑ ነበር። «ምን ነካሽ አንቺ? ልቀቂ» አለኝ። አለቀቅሁም። ወደ አባቴ ቀና ብዬ ቀስ ብዬ ነገርኩት።

«አባዬ፣ ሐኪሙ መኪና ያለው ፈረሱንም ነው። አትጋልብ።»

ነገሩ እስኪደርሰው ጊዜ ፈጀ። አየኝ፤ ሜዳውን አየ፣ ሣሩን አየ። በዝምታ የሚወርድ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ወደ አጎቴ ዞረና ሌሎቹም እንዲሰሙት አድርጎ ተናገረ።

«እኔን የሚያሳክከኝ ነገር የለም። ፈርቼ ነው። እሱ ከወደቀ ወዲህ እፈራለሁ። መድኃኒቱም የፍርሃት ነው።»

ፈረሶቹ የልጓማቸውን ብረት ሲያኝኩ ይሰማ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «አትልቀቂኝ፤ እስከ ወንዙ ልድረስ» አለኝ።

የሙሽራው ወገኖች ጋለቡ። ከእኛም ወገን የጋለቡ ነበሩ፤ ሲያልፉን አንዱ ከንፈሩን ሲያጣምም አይቻለሁ፤ አሁንም ገበያ ላይ ሳገኘው ሰላም አልለውም። አጎቴ ግን ቆሞ ቀረ። ጥቂት አሰበና ከፈረሱ ወርዶ በወዲያኛው በኩል መጣ፤ በአንድ እጁ የራሱን ፈረስ እየሳበ በሌላው የአባቴን እግር ያዘ። አቧራው ሲያርፍ ሦስታችን በእርምጃ ጉዞ ጀመርን።

የዚያን መንገድ ርዝመት ሰው አይነግረኝም። እልልታው ሲነሳ ዳማው ጆሮውን ያቆማል፣ እኔም ልጓሙን አጠብቃለሁ። አባቴ ኮርቻው ላይ እየከበደ፣ ወደ አጎቴ ትከሻ እያዘነበለ ሄደ። እናውርድህ ስንለው በሽኝት ላይማ አልወርድም ይላል፤ በኋላ መልስ መስጠቱንም ተወ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጋልቦ አያውቅም። ወሬው ከርሟል፣ እናቴም ብዙ ጊዜ አኩርፋኝ ነበር። ሐኪሙ ጋ ስንመለስ ፈረስ እንዳለው ነገርነው፤ ሐኪሙ ደንግጦ ራሱን ያዘ። አባቴ አሁን የለም። ፈረስ አልገደለውም፤ አርጅቶ በአልጋው ላይ ነው ያረፈው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ያን ቀን ወንዙ ዳር ስንደርስ አባቴ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል፣ ሙሉ ክብደቱ አጎቴ ላይ ነው። እህቴ ከበቅሎዋ ወርዳ መጣች። ሙሽራ ስትሰናበት የአባቷን ጉልበት ስማ ተመርቃ ነው የምትሻገረው። አጎቴ ቀስቅሺው አላት። እጇን ዘርግታ ክንዱን ልትነካ ነበር፤ ከዚያ ፊቱን አየችው።

«ተዉት» አለች። «እንዲህ ተኝቶ አይቼው አላውቅም።»

እግሩ እርካቡ ላይ እንዳለ ጉልበቱን ሳመችው፤ ቀና ለማለትም ቆየች። እኔን ስትስመኝ ጉንጯ እርጥብ ነበር። ተሻገረች። ሚኒባሱ ድምፁን ለቀቀና ዳገቱን ወጣ።

አባቴ የነቃው አጃቢው ሁሉ ከተመለሰ በኋላ ነው። ወንዙን አየ፣ ማዶ አየ። «ልጄስ?» አለ። በጣቴ መንገዱን አሳየሁት፤ ባዶ ነበር። ባርኔጣውን አወለቀ። ወልዳችሁ ሳሙ አለ፤ ቤታችሁ ይሙላ፣ ክፉ አይንካችሁ አለ፤ እዚያው ኮርቻው ላይ ሆኖ ወደዚያ ባዶ መንገድ እያየ አንድም ሳያስቀር መረቀ። ሲጨርስ ጠበቀ። እኔም ልጓሙን እንደያዝኩ፣ በእህቴ ፈንታ፣ አሜን አልኩ።