የግድግዳው ጸበል

ከሱዳኑ ጦርነት በፊት ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ውስጥ ከታናሽ እህቴ ጋር የተከራየናት ክፍል አንዱ ግድግዳዋ ከአከራያችን ቤት ጋር የጋራ ነበር። አከራያችን መካ ደርሰው የመጡ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አሮጊት ናቸው፤ ሃጃ እንላቸዋለን። እኛ በግድግዳው በዚህ ወገን የእመቤታችንን ሥዕል ሰቅለናል። እሳቸው በዚያ ወገን ምን እንዳላቸው በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

ውሃውን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። አንድ ማለዳ ለጸሎት ስንበረከክ ጉልበቴ ረጠበ። ከሥዕሉ ሥር፣ ግድግዳውና ወለሉ በሚገናኙበት ስንጥቅ፣ ጥርት ያለ ውሃ ብቅ ብቅ ይላል። ዳሰስኩት፤ ቀዝቃዛ ነው። በዚያ ሙቀት፣ የቧንቧው ውሃ እንኳ እጅ በሚያቃጥልበት ወር፣ ቀዝቃዛ ውሃ ከእመቤታችን ሥር፣ ያውም በዕለቷ፣ በሃያ አንድ። እኔ ደግሞ እህቴ እንድትድንልኝ ስለት የተሳልኩ ሰው ነኝ። ጎረቤቶቼን ጠርቼ ጸበል ፈለቀ አልኳቸው። ሌላ ማንም አላለም፤ ያልኩት እኔ ነኝ።

እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ካርቱም ከመጣች ወዲህ ሐኪም ያዘዘላትን ኪኒን በየቀኑ እየዋጠች ዓመት ሙሉ ሳትወድቅ ቆይታ ነበር። ከግድግዳው ውሃ መጠጣት ስትጀምር ግን ኪኒኑን ተወች። ጸበል ከመድኃኒት ጋር አይቀላቀልም ብለን ነው። “ብለን” ስል ራሴን መሸፋፈኔ ነው። ኪኒኑን ከትራሷ ሥር አንስቼ ቁም ሣጥኑ ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። በኋላ የንስሐ አባታችን ይህን ሲሰሙ “ኪኒኑን ማን ተዪ አላት?” ብለው ተቆጡ።

ዓርብ ሥራ ስለሌለ የአገሬ ሴቶች ሃይላንዳቸውን እየያዙ ይመጡ ጀመር። ውሃው በቀን አምስት ጊዜ እንደሚጨምርም ቆጥረን ደረስንበት። አንዷ “አምስቱ አዕማደ ምሥጢር ነው” አለች። እኛም እልል አልን።

የምሠራው እዚያው ካርቱም፣ ሪያድ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ሀብታም ቤት ነበር። አንድ ሐሙስ የሳሎኑ ግድግዳ ረጥቦ ሱዳናዊ የቧንቧ ሠራተኛ ተጠራ። ሽማግሌው ግድግዳውን ከመንካቱ በፊት እኔን ጠየቀኝ፦

“መቼ መቼ ነው የሚረጥበው?”

“እኔ ምን አውቄ” አልኩት።

“ሰዓቱን ካላወቅሽ ቤቱን በሙሉ ልቆፍር ነው? ሰዓቱን ካወቅሽ በዚያ ሰዓት ውሃ የሚጠቀመው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ያላ፣ ሻይ አምጪልኝ።”

ከዚያ ቀለም በጥብጦ መታጠቢያ ቤቱ ፍሳሽ ውስጥ ደፋው። ሻዩን ሳይጨርስ የሳሎኑ ግድግዳ ሥሩ አረንጓዴ ሆነ። ገርሞኝ ሳይ አዛን ተሰማ፤ ሽማግሌው ብርጭቆውን አስቀምጦ ውጭ ወዳለው ቧንቧ ሄደ። እጁን፣ አፉን፣ ፊቱን፣ በመጨረሻም እግሩን ታጠበ። በስምንት ዓመት የካርቱም ኑሮዬ ስንት ሺህ ጊዜ እንዳየሁት እግዜር ይወቅ። ያን ቀን ግን ሃጃ ትዝ አሉኝ። በቀን አምስት ጊዜ።

ቤት ስገባ እህቴ እንደ ልማዷ በጣሳዋ ቀድታ እየጠጣች ነው። ያን ሁሉ ሴት እልል ያስባልኩት እኔ፣ አሁን ምን ብዬ ፊታቸው ልቁም? ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል አልኩ። እንዳልተሳሳትኩ ግን አውቀዋለሁ። ዓርብ ሴቶቹ መጡ፣ ቀዱ፣ ሄዱ። እኔም አብሬ ተንበረከክሁ።

ቅዳሜ ጠዋት እህቴ ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠበች ወደቀች። ስደርስ አፏ ደም ነው። የፊት ጥርሷ ለሁለት ተሰብሮ ግማሹ ሲሚንቶው ላይ ወድቋል። ለቀም አድርጌ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ኪሴ ከተትኩት።

አስተኝቻት ከርከዴ፣ ያን ቀይ የአበባ ሻይ፣ አፈላሁ፤ ድስት ሙሉ፣ እስኪጠቁር ድረስ። ይዤ ወደ ሃጃ ገባሁ።

“ሃጃ፣ ለሶላት የሚታጠቡበት ላይ ይህን ልድፋው?”

“ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ከርከዴ ይጠጣል እንጂ ይደፋል እንዴ?” አሉኝ። ፊቴን ሲያዩ ግን መንገድ ለቀቁልኝ። መታጠቢያቸው ልክ ከሥዕላችን ጀርባ ነበር፤ አጠገቡም የሚታጠቡበትን ውሃ የሚያቀዘቅዝ የሸክላ ጋን ቆሟል።

ደፍቼ ወደ ክፍላችን ተመለስኩ። ሃጃም እያነከሱ ተከተሉኝ። እህቴ ፍራሿ ላይ ጋደም ብላ፣ ከንፈሯ አብጦ፣ እኔ የማየውን ታያለች። ብዙ አልቆየም። ከስንጥቁ ወይን ጠጅ የመሰለ ውሃ ተግተልትሎ ወጣ። ሃጃ ጣሳውን፣ የተደረደሩትን ሃይላንዶች፣ ሥዕሉን ተራ በተራ አዩ።

“ይህን ትጠጡት ነበር?” አሉ። “የእግሬን ውሃ?”

“አዎ” አልኩ።

“አስተግፊሩላህ” ብለው ያ የሚያማቸው ጉልበት እያለ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። የእህቴን እግር ይዘው ያለቅሱ ጀመር፤ ጥፋቱ የሳቸው ይመስል። በማግስቱ አስቆፈሩ። የፍሳሹ ቱቦ መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቆ ኖሯል፤ ከሰዓት በፊት ተጠግኖ አለቀ።

ያን ቅዳሜ ግን ኪኒኑን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርጄ ከቧንቧ ውሃ ጋር ስሰጣት፣ እህቴ ዋጠችና ቀና ብላ አየችኝ።

“እትዬ፣ መቼ ነው ያወቅሽው?”

“አሁን” አልኳት። “አብረን አየነው አይደል?”

አመነችኝ። ዛሬም ሰው የጥርሷን ነገር ሲጠይቃት አፏን በእጇ እየሸፈነች፣ በራሷ እየሳቀች ታወራዋለች። መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ እንዲህ ትላለች፦ “ደግነቱ እህቴ እንዳወቀች አንዲት ቀን አላሳደረችም።”